ስፕሪስ፣ ስትሮ እና የሐይቅ ጭቃ

ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ፊቴ ስፕሪስ ቀርቧል፤ ከታች ፓፓያ፣ መሃሉ ማንጎ፣ ከላይ አቮካዶ። ከመንገዱ ማዶ ጉድጓድ አለ። ጉድጓድ ስላችሁ እንደ ዋዛ እንዳታዩት፤ ሁለት ሦስት ፎቅ ምድር ቤት የሚውጥ ነው። ኤክስካቫተሩ አፈሩን እየዛቀ ሲኖትራክ ላይ ይገለብጣል።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጉድጓዱን ሲያዩ ቆዩና «ይኼ ሁሉ እኮ ጫካ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «አገሩ ራሱ ግማሹ ደን ነበር። በእኛ ዕድሜ ነው ያለቀው።»

«በምን አወቁ አባባ?»

«ሁሉም የሚያውቀው ነዋ!»

እውነታቸውን ነው፣ ሁሉም ይለዋል። «የዛሬ መቶ ዓመት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለውን ያልሰማ የለም። በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ችግኝ ሲተከልም በሬዲዮ ይደገማል። ችግሩ፣ ያኔ አገሩን ዞሮ የለካ ሰው የለም። ሳተላይት የለ፣ የአየር ፎቶ የለ። የቁጥሩን ምንጭ ወደ ኋላ ሄደው የፈለጉ ተመራማሪዎችም አስተማማኝ ልኬት አላገኙለትም።

ታዲያ የዛሬ መቶ ዓመት ቀርቶ የዛሬ ሺህ ዓመት ምን ዛፍ እንደበቀለ፣ ዝናቡ ምን ያህል እንደነበር ሊታወቅ ይችላል? ይችላል። የተጻፈው ግን ብራና ላይ አይደለም፤ ጭቃ ውስጥ ነው።

ጭቃ እንዴት ያስታውሳል?

ቡና ፈልቶ እንደወጣ ወዲያው አይቀዳም። ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጦ እስኪሰክን ይጠበቃል። አተላው ቀስ እያለ ታች ይወርዳል። ሐይቅም እንደዚያው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ከተራራው አፈር ጠርጎ ያስገባል። ነፋስ አቧራ፣ የአበባ ብናኝና የቃጠሎ ጥቀርሻ ያመጣል። ውሃው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታትም ሲሞቱ ይሰምጣሉ። ሁሉም ታች ሄዶ ይተኛል። በዓመቱ ሌላው ይደረብበታል። ደለል የምንለው ይህንኑ ነው።

ከጀበናው የሚለየው፣ የሐይቁን አተላ አጥቦ የሚደፋ አለመኖሩ ነው። አንዱ ዓመት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ድርብ ትቶ ያልፋል። ይህ ለሺህ ዓመታት ሲደራረብ ሜትሮች ይሆናል።

አሁን ወደ ስፕሪሱ እንምጣ። ከታች ያለው ፓፓያ መጀመሪያ የተቀዳው ነው፤ አቮካዶው የመጨረሻው። ይህን ለማወቅ ጂኦሎጂ መማር አያስፈልግም። የሐይቅ ደለል የሚነበበውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ታች ያለው ይቀድማል። ስትሮውን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ታች አስገቡት። አፉን በጣታችሁ ድፈኑና ሳብ አድርጉት። ስትሮው ውስጥ ቀጭን የስፕሪስ ዓምድ ይቀራል፤ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ በየተራቸው። የሐይቅ ተመራማሪ ሥራ ሲጠቀለል ይኼ ነው። ስትሮው ግን ብዙ ሜትር ነው፣ ጁሱም አይጣፍጥም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስፕሪሱን በማንኪያ ካማሰላችሁት አለቀ። ጣዕሙ ይኖራል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ጠፍቷል።

ታዲያ ማዶ ያለው ጉድጓድ አይበቃም?

ጁሴን ጨርሼ ተሻገርኩ። በቆርቆሮ አጥሩ ክፍተት አየሁት። ከላይ የፈረሰ ቤት ትራፊ ነው፦ ብሎኬት፣ ፌስታል፣ የተሰበረ ሰሐን። ከሥሩ ጥቁር አፈር። ዝቅ ሲል ቀላ ያለ። ከዚያ በታች በእጅ የሚፈረካከስ የበሰበሰ ድንጋይ።

«ወንድሜ አትጠጋ፣ ይናዳል!» አለኝ ፎርማኑ። ጥቁሩን አፈር ለምን እንደሚያወጡት ጠየቅኩት። «እሱ ክፉ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጠርገን አውጥተን ሰሌክት፣ የተመረጠ አፈር፣ ነው የምናስገባው።»

ፎርማኑ ሳያውቀው የትምህርቱን ግማሽ ነገረኝ። ይህ አፈር ገበሬው መረሬ የሚለው ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የላዩ አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይረግፋል። ዝናብ ሲመጣ ያብጥና የታቹን ወደ ላይ ይገፋል። በሌላ አነጋገር ራሱን በራሱ ያርሳል። እንደተማሰለ ስፕሪስ ማለት ነው። ሳንቲም ቢወድቅበት ከስንት ዓመት በኋላ የት እንደሚገኝ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት እንለይ። ደለል ከሌላ ቦታ መጥቶ የተነጠፈ ነው። አፈር ግን እዚያው ቦታ ላይ ድንጋይ እየበሰበሰ፣ ሥርና ትል እየሠራበት የተፈጠረ ነው። ስለዚህ አፈር እንደ ሐይቅ ደለል በየዓመቱ የተጻፈ ማስታወሻ አይሆንም። ያም ሆኖ የራሱ ወሬ አለው፤ በተለይ ሳይታሰብ ተቀብሮ ከቀረ። እሳተ ገሞራ አመድ ሲያለብሰው ወይም ወንዝ ሲደፍነው፣ ያኔ የነበረው መሬት ከነጠባዩ ይታሸጋል። ስምጥ ሸለቆ እንዲህ ባለ የተቀበረ አፈር የተሞላ ነው።

ከዚህ አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ ሙዚየም ስትገቡ ሉሲን፣ ድንቅነሽን ታገኛላችሁ፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። እሷን የምትቀድመው አርዲ ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። አጥንቷ የተገኘው በአፋር፣ አራሚስ በሚባል ቦታ ነው። አርዲ የኖረችው ዛፍ በበዛበት ነው ወይስ ሣር ሜዳ ላይ? ይህን ለማወቅ አጥንቱን ብቻ ማየት አይበቃም። አፈሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አፈር ዛፍና ሣርን እንዴት ይለያል?

በጤፍ እንጀምር። ዕፅዋት ከአየር ካርቦን ይወስዳሉ፤ አካላቸውን የሚሠሩት በሱ ነው። አወሳሰዳቸው ግን በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። ዛፎች በአንዱ መንገድ ይሄዳሉ፤ ስንዴና ገብስም ከእነሱ ጋር ናቸው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና የቆላ ሣሮች ደግሞ በሌላው።

ካርቦን ራሱ ቀላልና ከበድ ያለ አለው። ዛፎች ከበድ ያለውን ይሸሹታል። እነጤፍ ግን ያን ያህል አይመርጡም። ቅጠሉ ሲበሰብስ የቀላልና የከባድ ምጥጥኑ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ አፈር ውስጥ በሚሠሩት ነጫጭ የኖራ ጓሎች ላይም ይታተማል። ጓሉን ወስዶ በመሣሪያ መለካት ነው። ቁጥሩ ወደ አንዱ ካደላ ዛፍ፣ ወደ ሌላው ካደላ የቆላ ሣር።

አርዲን ያጠኑት ሰዎች ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያወጡ ዛፍ የበዛበት ቦታ ነበር አሉ። በዓመቱ ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ የአፈር ቁጥር አይተው «የለም፣ ሣሩ ይበዛል፤ ዛፉ ጣል ጣል ያለ ነው» ብለው ሞገቱ። ክርክሩ ቁጥሩ ላይ አልነበረም፣ ትርጉሙ ላይ ነው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አፈር ይመሰክራል፤ አስተርጓሚ ግን ይፈልጋል።

ጭቃውን ከሐይቅ ሥር እንዴት ያወጡታል?

ጥልቀቱ ልከኛ በሆነ ሐይቅ ላይ ሥራው ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። ታንኳዎች ይታሰሩና መድረክ ይሠራባቸዋል። ረጅም ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። ቱቦው ውስጥ እንደ መርፌ ሲሪንጅ ያለ መሳቢያ አለ፤ ጭቃው እንዳይረበሽ ስቦ የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ሜትር ያወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ የሚቀጥለውን ሜትር ያወጣሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ቱቦው ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ ጎን ሳይነካ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ሊመጣ ይችላልና። ሌላው በየሴንቲ ሜትሩ ይቆረሳል።

ከበድ ያለው ዓይነትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጨው ባሕር ላይ ትልቅ የቁፋሮ ማሽን ገባ። ዛሬ አብዛኛው ደርቆ የጨውና የጭቃ ሜዳ ሆኗል፤ ድሮ ግን ሐይቅ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ ምሁር አስፋወሰን አስራት ያሉበት ዓለም አቀፍ ቡድን 280 ሜትር ገደማ ቆፈረ። የተገኘው ደለል የ620,000 ዓመት ነው። አካፍሉት፤ ለአንድ ዓመት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይደርስም። ሰው ልጅ ዘመናዊ መልክ ይዞ ሳይወጣ በፊት የጀመረ ማስታወሻ ነው።

እሺ ወጣ። ምኑ ነው የሚነበበው?

ዋናው የአበባ ብናኝ ነው፤ አበባ ስትነኩ ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ቢጫ ዱቄት። በዓይን የማይለይ ነው፤ ቅርፊቱ ግን ጠንካራ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ጭቃውን መስተዋት በሚበላ አሲድ ሳይቀር ያጥቡታል። አሸዋው ይሟሟል፣ ብናኙ አይበገርም። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። ለአንዷ ናሙና መቶዎቹን አንድ በአንድ። ትዕግሥት የሌለው ሰው አይሞክራት።

እያንዳንዱ ዕፅ የራሱ መልክ አለው። የዝግባ ብናኝ ግራና ቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት አለው፤ የሚኪ ማውስ ጆሮ በሉት። የጽድ ድቡልቡልና ልሙጥ ነው። የባሕር ዛፍ ሦስት ማዕዘን ነው። ወይራም፣ ክትክታም ይለያሉ። ዝግባና ጽድ በዝተው ክትክታ ካነሰ ደን ነበር ማለት ነው። ሣርና ክትክታ ከበዛ ደኑ ተመንጥሯል።

ሁለተኛው ዲያቶም ነው። ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ፣ መስተዋት በመሰለ ቤት የተሸፈነ አልጌ ነው። አንዳንዱ ጨዋማ ውሃ ይወዳል፣ አንዳንዱ ጣፋጭ። አንዳንዱ ጥልቁ ላይ ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱ ዳር ዳሩን ይይዛል። የትኛው እንደበዛ ስታዩ ሐይቁ ሞልቶ ነበር ወይስ ሸሽቶ የሚለውን ታውቃላችሁ።

ከዚያ የቃጠሎ ከሰል፣ ከብት መኖሩን የሚጠቁሙ እበት ላይ የሚበቅሉ ሻጋታዎች ዘር፣ እና የማዕድን መጠን አለ። ለምሳሌ ጨው ባሕር ላይ የፖታሲየም መጨመር የድርቀት ምልክት ሆኖ ተነቧል። አንዱ ብቻውን ይሳሳታል። ሦስት አራቱ አንድ ላይ ሲመሰክሩ ነው የሚታመነው፤ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ።

ዕድሜውስ በምን ታወቀ?

ቅደም ተከተል ብቻውን ዓመተ ምሕረት አይሰጥም። ፓፓያው ከማንጎው ቀድሞ ተቀድቷል፤ ግን ስንት ሰዓት ላይ?

ለቅርቡ፣ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ድረስ፣ ራዲዮካርቦን አለ። በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ትንሽ ጨረር አመንጪ ካርቦን አለው። ሲሞት አዲስ መውሰድ ያቆማል፤ የያዘውም በ5,730 ዓመት ግማሹ ያልቃል። ከቀረው መጠን ተነስቶ መቼ እንደሞተ ማስላት ይቻላል። ሻማውን አይቶ መቼ እንደበራ እንደማወቅ ነው።

ለጥንቱ የእሳተ ገሞራ አመድ ይረዳል። ስምጥ ሸለቆ ስንት ጊዜ ተፍቷል! አንዱ ፍንዳታ በአንድ ሰሞን ሰፊ አገር ላይ አመዱን ይበትናል። አመዱ ውስጥ ያሉት ክሪስታሎች በአርጎን ጋዝ ልኬት ዕድሜያቸው ይታወቃል። ስለዚህ በጭቃው ዓምድ ውስጥ ያለች ስስ የአመድ መስመር ቀን እንደተጻፈበት ማህተም ናት።

ላለፉት ስልሳ ሰባ ዓመታት ደግሞ ሌላ ማህተም አለ፤ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ። በሙከራው አየር ላይ የተበተነው ሲሲየም እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ ጣሪያ ነክቶ ነበር። የትም አገር ሐይቅ ጭቃ ውስጥ ይፈለጋል። እኛ አገር ሐይቆች ላይ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ የባሕር ዛፍ ብናኝ ነው። ዛፉ የአውስትራሊያ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ ነው። ጭቃ ውስጥ ሦስት ማዕዘኑ ብናኝ ብቅ ካለ፣ ያ ድርብ ከምኒልክ ወዲህ ነው።

እኛ አገር ምን ተገኘ?

ብዙ። እኔ ግን በሐይቅ ልጀምር። ሐይቅ የሚባለውን ሐይቅ ማለቴ ነው፤ ወሎ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። እዚያና ጎረቤቱ ሐርዲቦ ላይ የተወሰደው ጭቃ ያለፉትን 3,000 ዓመታት ይተርካል።

መጀመሪያ ዝግባና ጽድ ያለበት ደን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ላይ ደኑ ተመነጠረ። በቦታው ክትክታና ሣር ገባ። ይህ ወደ 1,800 ዓመት ቆየ። ልብ በሉ፦ የአክሱም ሐውልቶች ሲቆሙ ደኑ ከሄደ ዘመን ተቆጥሯል። ላሊበላ ሲወቀር ሐይቅ ዙሪያ ያለው ክትክታ ነበር። ከዚያ ያልተጠበቀው መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽዱ ተመለሰ፤ ወይራም አብሮት። ባለፉት 300 ዓመታት ደግሞ እንደገና ተጨፈጨፈ።

ስለዚህ ነገሩ ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር አይደለም። ወድቋል፣ ተነስቷል፣ ደግሞ ወድቋል። «ደኑ ሁሉ በአባቶቻችን ዘመን አለቀ» የሚለው ቢያንስ ለዚያ አካባቢ አይሠራም። በዘመናችን ደን አልጠፋም ማለቴ አይደለም፤ ጠፍቷል። የሐይቅ ታሪክ የከፋ ወይም የባሌ ሐረና ጫካ ታሪክም አይደለም። የወሎን ጭቃ ለመላው አገር መስጠት ያንኑ የ40 በመቶውን ስህተት በሌላ በኩል መድገም ነው።

ጣናስ? እንቦጭ ከመጣ ወዲህ «ጣና ሊደርቅ ነው» የሚል ወሬ ተለምዷል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከመሃሉ የወጣው ጭቃ እንደሚለው ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ ውስጥ ሐይቁ ደርቆ ነበር። ከታች ውሃ የሸሸው ደረቅ ጭቃ፣ ከላዩ ረግረግ ላይ የበቀለ ደንገል ብስባሽ ተገኝቷል። ያን ጊዜ ከጣና ወደ አባይ የሚወጣ ውሃ አልነበረም። ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ሞልቶ እንደገና ፈሰሰ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ በመንገዱ የምታገኟቸውን አስቡ፦ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ። ከዛሬ አሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አራቱም አንድ ሐይቅ ነበሩ። ወለሉ ከዛሬው የሻላ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በሰሜን በኩል ተርፎ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የጥንቱ ዳርቻ ምልክት ዛሬም ኮረብታው ላይ ይታያል፤ የውሃ ቀንድ አውጣ ዛጎል ደረቅ መሬት ላይ ይለቀማል።

ዝናቡ ለምን እንዲህ ተለዋወጠ?

እንዝርት ሲሾር አይታችኋል? እየሾረ ጫፉ ራሱ ቀስ ብሎ ክብ ይሠራል። ምድርም እንደዚያ ናት። ይህ መወዛወዝ ከምሕዋሯ ቅርጽ ጋር ተዳምሮ በ21,000 ዓመት ገደማ ዙሩን ይጨርሳል። በዚህ ምክንያት የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሞቃት ወራት፣ ማለትም የእኛ የዝናብ ወራት፣ አንዳንዴ ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ፣ አንዳንዴ ስትርቅ ይውላል። ስትቀርብ የብሱ ይግላል፣ ከውቅያኖስ እርጥብ ነፋስ በብዛት ይሳባል፣ ክረምቱ ይከብዳል። ከ15,000 እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው እንዲያ ነው። ሰሃራ ራሱ ሣርና ሐይቅ ነበረው።

መወዛወዙ ቀርፋፋ ነው። አየሩ ግን ሁልጊዜ በቀስታ አይለወጥም። የጨው ባሕር ጭቃ እንደሚያሳየው፣ ከእርጥቡ ዘመን ወደ ደረቁ ሲሻገር ከ20 እስከ 80 ዓመት የሚዘልቁ ድርቆች እየተመላለሱ ነበር። ይህ ቢያንስ አሥራ አራት ጊዜ ተደጋግሟል። እኛ የአንድ ዓመት ክረምት ሲቀር ምን እንደምንሆን እናውቃለን።

ጭቃው የማይናገረው አለ?

አለ፤ ደግሞ እኛን የሚነካን ነው። የሣር ብናኝ ሁሉ ይመሳሰላል፦ ክብ፣ አንድ ቀዳዳ። የጤፍን ብናኝ ከዱር ሣር መለየት አይቻልም ማለት ይቀላል። ጤፍ ደግሞ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ብናኙን ብዙም አይበትንም። እንሰት ይባስ፤ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ነው። ሚሊዮኖችን የሚመግብ ተክል በጭቃው ውስጥ የለም ሊባል ምንም አይቀረው። ጭቃ ዝም ስላለ ገበሬ አልነበረም ማለት አይደለም።

ምክንያትም አይናገርም። ሐይቅ ዙሪያ ጽዱ ለምን ተመለሰ? ሰው ቀንሶ ነው? ዝናብ ተስተካክሎ ነው? ጭቃው ምን እንደበቀለ እንጂ ማን መጥረቢያ እንዳነሳ ወይም እንዳስቀመጠ አይጽፍም። እዚያ ላይ ገድልና ዜና መዋዕል ይጠየቃሉ።

ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

የዝናብ መለኪያ አገራችን ውስጥ ያለው ዕድሜ መቶ ምናምን ዓመት ነው። የመጪውን ዘመን አየር የሚያሰሉ የኮምፒውተር ሞዴሎች በዚህ አጭር መዝገብ ብቻ ቢፈተኑ አይበቃቸውም። ስለዚህ ያለፈውን እንዲተርኩ ይደረጋሉ፤ ከጭቃው ጋር ከተስማሙ ስለ መጪው የሚሉት ይደመጣል።

ቅርቡም አለ። አብያታ ዛሬ እየሸሸ ነው። የተፈጥሮ ወጉ ነው ወይስ እኛ ከዝዋይና ከገባሮቹ ለመስኖ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ የሳብነው ውሃ? ድሮ ያለ ፓምፕ ምን ያህል ይወርድ፣ ምን ያህል ይመለስ እንደነበር ካልታወቀ መከራከር እንጂ መመለስ አይቻልም። የተራቆተ ተራራ ላይ ምን ይተከል የሚለውም እንዲሁ። የሐይቅ ጭቃ ቢያንስ ጽድና ወይራ አንድ ጊዜ ወድቀው እዚያው መሬት ላይ መነሳታቸውን መዝግቧል።

ወደ ጁስ ቤቱ ስመለስ አዛውንቱ አልተነሱም። የሐይቅን ነገር አወራኋቸው። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ከዓመታት በኋላ ማገዶ ቸግሯት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር እንደነበር፣ ያስቀራት ባሕር ዛፍ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «እና እኔ በልጅነቴ እዚህ ያየሁት ጫካ ባሕር ዛፍ ነው እያልከኝ ነው?»

«ሳይሆን አይቀርም፣ አባባ።»

«ባሕር ዛፍስ ቢሆን ዛፍ አይደለም እንዴ!»

መልስ አልነበረኝም። ሲኖትራኩ ከጉድጓዱ ሲወጣ ጥቁሩን አፈር አስፋልቱ ላይ አንጠባጥቦ አለፈ። ካፊያ ጀመረ። አፈሩ ቀለጠና ወደ ቦዩ ወረደ። ከዚያ ባንትይቀጡ፣ ከዚያ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ። የከተማው ወንዞች ከ80 ዓመት በላይ ጭቃቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። የፈረሰው ካዛንቺስም በዚህ ክረምት አንዷን ሚሊ ሜትር ይይዛል።